ታሥሯል ብለን ካሣውን አንተው

ሰው ተደብድቦ ሲወድቅ ነዋሪው ተሯሩጦ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ፖሊስ ይጠራል፤ ደግ ነው። ደብዳቢው ሲፈረድበት ግን «ይኸው ታሠረ፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ!» ብለን እንበተናለን። ታዲያ የመድኃኒቱን ዋጋና ከሥራ የቀረባቸውን ቀናት ሒሳብ ለተጎጂው ማን ይክፈለው?

እሥራቱ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ካሣው ግን የተጎጂው መብት ነው፤ ካልጠየቀ ማንም አያመጣለትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 ተበዳዩ ወይም በእርሱ መብት የሚጠይቁ ወገኖች የካሣውን ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ተከሳሹ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይቻላል። የዚህ ክስ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ወንጀሉ ከባድ ሆኖ የራሱ ይርጋ ከዚያ ከበለጠ ይረዝማል፤ ይህን ተማምኖ መተኛት ግን አያዋጣም።

ደረሰኝ አትጣሉ! የሐኪም ማስረጃና የአሠሪ ደብዳቤም አብሮ ይቀመጥ። ሽማግሌ ካስታረቀም እሰየው፤ ገንዘቡ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ ምስክር ይፈርምበት፤ በአፍ የተባለ ካሣ ስንቱን ሲያኳርፍ አይተናል። ማመልከቻ መጻፍ የቸገረው ወረቀቶቹን ይዞ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበል።