ባልዲ ተገልብጦ የተጠበቀ ሐይቅ የለም፦ ግልጽ ደብዳቤ

በጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ቁጥጥርን ለሚመሩት የሥራ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያልተፈለገ ዓሣ በሕይወት ወደ ውኃው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በአካልም በጽሑፍም ደጋግመን አመልክተን «እናየዋለን» ከሚል ቃል በቀር ያገኘነው የለም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ አልተርክልዎትም፤ ያውቁታል። ባለሙያዎችዎ በፍልሰታ ጾም ሰሞን ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያደረጉትን ግን፣ ያላየ ሰው እንዲያውቀው በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሁለት ወጣቶች በመንጠቆ ያወጧቸውን ነጭ ዓሦች ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አቆይተዋቸው ነበር። አብዛኞቹ ከመዳፍ አይበልጡም፤ ገበያ ቢወጡ የሚገዛቸው የለም። አንዷ ግን ትልቅ ነበረች፤ ሆዷ ተወጥሮ፣ ሲነኳት እንቁላሏ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ልጆቹ ሊመልሷቸው ሲነጋገሩ ባለሙያዎችዎ ደረሱና ባልዲውን ድንጋይ ንጣፉ ላይ ገለበጡት። ውኃው ወደ ሐይቁ ፈሰሰ፤ ዓሦቹ ቀሩ። ሐይቁ ከቆምንበት ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር።

«በሕይወት ናቸው እኮ፤ ይመለሱ» ብለን ለመንን። «የተወረሰ ነው። ፎቶ ይነሣ መጀመሪያ» ተባልን። ፎቶው እስኪነሣ፣ የልጆቹ ስም እስኪመዘገብ፣ ስልክ እስኪደወል ድረስ ዓሦቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የትንንሾቹ ክንፍ ደርቆ ከድንጋዩ ጋር ተጣበቀ። እንቁላል ያዘለችው ከሁሉም ዘግይታ ሞተች። ማንም አልበላቸውም፤ ለማንም አልተሰጡም። በማግስቱ ጠዋት ዝንብ ወርሯቸው እዚያው ነበሩ። ፎቶው ግን «ሕገ ወጥ አስጋሪዎች እጅ ከፍንጅ ተያዙ» ተብሎ ተሠራጨ።

በየትኛው መመሪያ ነው ይህ የተደረገው? ባለሙያዎቹን በትሕትና ጠይቀናቸዋል፤ የሚያሳዩን ጽሑፍ አልነበራቸውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ዓሣው እንዲጠበቅ ነው። እየተወራጨ ያለን ዓሣ ከውኃው ዳር አስቀምጦ መግደል ጥበቃ ከተባለ፣ ከእርስዎ መሥሪያ ቤትና ከሕገ ወጡ መረብ የትኛው ለሐይቁ እንደሚሻል ሕዝቡ ይፍረድ።

የባሕር ዳር ሰው ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ጣናን ከታችኛው ዓባይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለለየው፣ 15 ያህል ዝርያዎች እዚሁ ተለይተው አድገዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለሚጠብቁ በዚያ ወቅት እነሱን መያዝ ቀላል ነው። እኛ ደግሞ በዚያው በነሐሴ ፍልሰታን እንጾማለን፤ በጾሙ ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ነውና ገበያው ይደራል። ውጤቱ ተጠንቷል፦ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል፤ የጫጩቶቹ ማሽቆልቆል ከዚያም የባሰ ነው። እንግዲህ ያቺ እንቁላል ያዘለች ዓሣ ድንጋይ ላይ የቀረችው ይህ ሁሉ እየታወቀ ነው።

«የተወጋ ዓሣ ቢመለስም ይሞታል፤ መግደሉ ይሻላል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ጉሮሮው ድረስ ውጦ ስንጥቡ የሚደማ ዓሣ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እሱ ወዲያው ይገደል፣ ይበላ፤ አይጣል። ከንፈሩ ላይ የተያዘው ግን ብዙ ጊዜ ይድናል፤ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ልጋጉን አለመፈቅፈቅ፣ ስንጥቡን አለመንካት፣ መንጠቆው ጠልቆ ገብቶም ዓሣው ካልደማ ከመጎተት ይልቅ ክሩን መቁረጥ ነው። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የሚመለከት እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ የደፈጠጠ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከውጭ የገባ ካርፕ አለ፤ እዚያ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ሌላ ሊሆን ይችላል። የጣና ዓሣ ግን የሐይቁ ባለቤት ነው። «ሌላውን ዓሣ ይበላል» ተብሎ በየዳርቻው የሚጣለው አምባዛም ቢሆን የሐይቁ ተወላጅ ነው። አየር መተንፈስ ስለሚችል እርጥበት እስካገኘ ድረስ መሬት ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ እኛ የሞተ መስሎን ጥለነው ስንሄድ እሱ ገና እየሞተ ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣ፦ ያልተፈለገ፣ ያልደረሰና እንቁላል የያዘ ዓሣ በሕይወት ካለ እዚያው ይመለስ፤ ባለሙያው ቢወርሰውም፣ አጥማጁ ቢይዘውም። ጥያቄያችን መጀመሪያ ይኸው ብቻ ነበር፤ ያኔ ቢሰሙን ኖሮ ደብዳቤውም አያስፈልግም ነበር።

አሁን ግን አይበቃም። የተወረሰ ዓሣ የት እንደሚገባ መዝገቡ ለሕዝብ ይገለጽ። መንጠቆ ከያዙ ልጆች ጋር የምትታገሉትን ያህል፣ ያልደረሰውን ሁሉ ጠርጎ የሚያወጣው የላስቲክ ክር መረብ ከየት እንደሚገባና ማን እንደሚሸጠው ይነገረን። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዞቹ አፍ ለዓሣ ማስገር በእርግጥ ይዘጋ፤ በዚያ ጊዜ ከዓሣ ሌላ እንጀራ የሌለው አስጋሪ ምን እንደሚበላም መንግሥት ይመልስ። ወንዞቹ ውስጥ ብርብራ እየነሰነሱ ዓሣውን የሚያሰክሩት ይጠየቁ። ለመስኖ የሚገደበውና የሚጠለፈው ወንዝ ለሚራባው ዓሣ መንገድ ይተውለት። ወደ ሐይቁ የሚለቀቀው ፍሳሽስ? እምቦጩስ? ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ከሆነ ሥልጣኑ ያለው ማን እንደሆነ ይንገሩንና ቀጣዩን ደብዳቤ ለእሱ እንጻፍ።

ከሁለቱ ልጆች የተወሰደው መንጠቆና ባልዲ ይመለስላቸው። ፎቶአቸው ወንጀለኛ ተብለው በተሠራጨበት ቦታ ሁሉ ማስተባበያ ይውጣ። ስምዎን ያልጠራሁት ለክብርዎ ስል ነው፤ መልሱን ግን ለእኔ በፖስታ ሳይሆን፣ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ለከተማው ሕዝብ በሬዲዮ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድ የባሕር ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ሕዝብ
በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ አስጋሪዎች በሙሉ