ለብራና ሠዓልያን እኩዮቼ

የሙያ ወንድሞቼ፣ ቁም ጸሐፊዎችና ሠዓልያን ሆይ፤ ዕድሜያችን መሽቷልና ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። የብራናን ሥራ የገደለው ማተሚያ ቤት ነው፣ ሙያ የጠላው ወጣት ነው እያልን በተገናኘን ቁጥር እናማርራለን። ማተሚያው እንጀራችንን ቀንሶታል፤ አልክድም። አሮጌ መጽሐፍ እየገነጠለ በጽሑፉ ላይ ለቱሪስት መላእክት የሚስለው ግን ማን ነው? ከመካከላችን ነው።

በቅርቡ አንድ ቅጠል እጄ ገባ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፤ ቀለሙ የሱቅ፣ ዓይኖቹ እንደ ወጉ ትልልቅ። ወደ ፀሐይ ባነሣው ከፈረሱ ሆድ ሥር የግእዝ ፊደል ተደርድሮ ታየኝ። በቀይ የተጻፈው የማርያም ስም ከኮርቻው በታች ተቀብሯል። ንባቡ ጠርዙ ላይ ይቋረጣል፤ ቀጣዩን ቅጠል ሌላ ቱሪስት ወስዶት ይሆናል። ገዢው ግእዝ አያነብም፤ ፊደሉን የሚፈልገው ሥዕሉን ጥንታዊ ስለሚያስመስልለት ነው። ሠዓሊው ግን ያነባል! የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

አዲስ ብራና አድካሚ መሆኑ አይጠፋኝም። የፍየሉን ቆዳ መንከር፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር መወጠር፣ ሥጋውን መፋቅ፣ ጠጉሩን መላጨት፣ በድንጋይ ማለስለስ አለ፤ ስለቱ ትንሽ ከበረታ ይበሳል። ጥቁሩም ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ ወራት ይቆያል። እንዲህ የተደከመበት ግን ይኖራል፤ የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል።

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን የገቡት 350 ያህል መጻሕፍት ያንገበግቡናል። ሆኖም የት እንዳሉ እናውቃለን፤ ይመለሱልን ብለን እንጠይቃለን። ተገንጥሎ በየሻንጣው የሄደው ቅጠል ከማን ይጠየቃል? ቅርስ ማበላሸት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያስቀጣ መሆኑንም አንርሳ፤ ለእኔ ግን ከሕጉ በፊት የሚቀድመው ያስተማሩን መምህራን ፊት ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ደላላ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ በር ዝጉበት። ሥዕል የሚሻ እንግዳ ቢመጣ አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አዲስ ብራና ፋቁ፣ እያሳያችሁት ሣሉ፤ ዋጋውንም እንደ ድካማችሁ ጠይቁ።