ትንቢቱ ስለ ማን ነው?

በአርብ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት «የማን ነው? ዋስህስ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ጋይንቶች ለከብት ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። ለትንቢትስ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድ ኢትዮጵያዊ በሐዋርያት ሥራ 8 እናገኛለን። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስ 53ን ያነብ ነበር፤ እንደ በግ ዝም ብሎ ስለ ተነዳው፣ በሌሎች በደል ስለ ቆሰለው አገልጋይ የሚናገረውን ክፍል። ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ይሆን ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ፊልጶስን ጠየቀው። ፊልጶስም ከዚያው ክፍል ተነሥቶ ኢየሱስን ሰበከለት። ጃንደረባው ተጠምቆ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ።

በአገራችን ይኸው ጥያቄ ሌላ መልስም ተሰጥቶት ያውቃል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። በዘመነ መሳፍንት የደከመው ሕዝብ ይህን ንጉሥ ሲጠብቅ ኖረ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ስማቸውን ቴዎድሮስ አሉ። አገር ወዳድነታቸውንና ጀግንነታቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ሕዝቡ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ የጎተተው በገዛ ትከሻው ነው። ንጉሡም በዚያው ዓመት በፋሲካ ማግስት መቅደላ ላይ በራሳቸው እጅ ሞቱ። የሰው ትከሻ፣ የጀግናም ቢሆን፣ የመሲሕን ስም መሸከም አይችልም።

በነገሥታት መፍረድ ግን ይቀለናል። እኛስ? ጦርነቱና የኑሮ ውድነቱ ሲያደክመን፣ ኢሳይያስ 61ን አንብቦ «ይህ ዛሬ በእኔ ላይ ነው» ያለንን አገልጋይ በእልልታ ተቀብለነዋል። ቪዛ፣ ትዳር፣ ቤት እየቈጠረ ሲተነብይልን «አሜን» አልን እንጂ «ስለ ማን ነው?» አላልንም። ብዙዎቻችን ያለንን ሰጥተን ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ ከመካከላችንም በጌታ ያዘኑ አሉ። ጌታ ግን ያላለውን አላጎደለም።

ኢሳይያስ 61ን «በእኔ ተፈጸመ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ብቻ ነው። ሉቃስ 4 እንደሚነግረን ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ ይህን ክፍል አንብቦ የተወደደችው ዓመት ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጠቀለለው። በኢሳይያስ መጽሐፍ ቀጥሎ የሚመጣው የበቀል ቀን ነው። ያን ያላነበበው ስለ ሰረዘው አይደለም፤ ቀኑ ገና ስላልደረሰ ነው። እኛ የምንኖረው በእነዚህ ሁለት ሐረጎች መካከል ነው። ተስፋው ተከፍቷል፤ ማስጠንቀቂያውም ይጠብቃል። በዘዳግም 18ም እግዚአብሔር እንደ ሙሴ ያለ ነቢይ እንደሚያስነሣ ቃል ሲገባ፣ እርሱን የማይሰማውን እንደሚጠይቀው እዚያው ተናግሯል።

ትንቢቱን ማወቅ ብቻውን አያድንም። በማቴዎስ 2 የካህናት አለቆችና ጻፎች መሲሑ በቤተ ልሔም እንደሚወለድ ለሄሮድስ ነገሩት፤ ሕፃኑን ፍለጋ የሄዱት ግን ከሩቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትንቢት ስንሰማ የጃንደረባውን ጥያቄ እንጠይቅ። መልሱ ወደ ተሰቀለውና ወደ ተነሣው ኢየሱስ ካልመራን ዋስ የሌለው በሬ ነውና አንግዛው። ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁም ኢሳይያስ 53ን ዛሬ ማታ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ። የተወደደችው ዓመት ገና አላበቃችም። ጌታ ይርዳን። ማራናታ!