ፍሎሪዳ ጎል ቀንሶ ዋንጫ ያነሳበት ምስጢር

በረዶ ከመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ካልሆነ በማይታይበት በሞቃታማው ፍሎሪዳ የበረዶ ሆኪ ቡድን መኖሩ በራሱ የሚያስገርማቸው አሉ። ፍሎሪዳ ፓንተርስ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የሰሜን አሜሪካውን ሊግ (ኤንኤችኤል) ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በተከታታይ አንስቷል። ይበልጥ የሚገርመው ዋንጫው የመጣው ቡድኑ ጎል እንደ ጉድ በሚያዘንብበት ጊዜ አለመሆኑ ነው።

በ2021/22 ፓንተርስ የጎል ማሽን ነበር። በ82 ጨዋታዎች ከ330 በላይ ጎሎች አስቆጥሮ በሊጉ የሚስተካከለው ጠፋ፤ በ122 ነጥብም መደበኛውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ጆናታን ሁበርዶ በጎልና በአሲስት ብቻውን 115 ነጥብ ሰበሰበ። ደጋፊው ዋንጫውን ኪሱ እንደገባ ቆጥሮት ነበር። በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር ግን ጎረቤቱ ታምፓ ቤይ 4 ለ 0 ጠራርጎ ሸኘው። በአራቱ ጨዋታዎች ያ ሁሉ አጥቂ ያገባው 3 ጎል ብቻ!

በዚያው ክረምት ክለቡ የወሰደው እርምጃ ድፍረት የተሞላበት ነው። በታሪኩ ብዙ ነጥብ የሰበሰበለትን ሁበርዶን ወደ ካልጋሪ ልኮ ጉልበተኛውን ማቲው ካቻክን አመጣ። አንጋፋው ፖል ሞሪስም አሰልጣኝ ሆነ።

መከላከል ሲባል እንደ ጣሊያኖቹ ካቴናቾ በር ዘግቶ መቀመጥ የሚመስለው ብዙ ነው። የሞሪስ መንገድ ሌላ ነው። አጥቂዎቹ ተጋጣሚውን እዚያው በራሱ ሜዳ ጥግ ላይ ያፍኑታል፤ ካመለጣቸው ደግሞ ፊታቸውን አዙረው ወደ ግባቸው ይበራሉ። 60 ሜትር በሚሆን በረዶ ላይ መልሶ ማጥቃት የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተመለሰው ተጫዋች ፓኩን (ጥቁሩን ጎማ) የያዘውን ይግጠም ወይስ ከኋላ የሚመጣውን ይያዝ፣ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። አደጋውን ቀድሞ ማሽተት አለበት።

በዚህ አምበሉን አሌክሳንደር ባርኮቭን የሚያክል የለም። ፊንላንዳዊው አጥቂ ነው፤ ግን በመከላከል ለበለጠ አጥቂ የሚሰጠውን የሴልኬ ሽልማት በ2021፣ በ2024 እና በ2025 ወስዷል። አምበሉ እየሮጠ ሲመለስ ሌላው ቆሞ ሊያይ አይችልም። ተከላካዩ ጉስታቭ ፎርስሊንግማ በ2021 ካሮላይና አልፈልግህም ብሎት ፍሎሪዳ በነፃ ያነሳው ሰው ነው።

ካቻክ ራሱ በ2022/23 109 ነጥብ ነበረው፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 88 ወረደ። የቡድኑም ጎል ከ270 በታች ሆነ። የሚገባበት ግን ከ240 በላይ ከነበረበት ወደ 200 ገደማ ቀነሰ፤ ዋንጫውም መጣ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለት አይደለም። በ2024ቱ ፍፃሜ ፓንተርስ 3 ለ 0 ከመራ በኋላ ኤድመንተን ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታ ቀማው፤ አንዱን እንዲያውም 8 ለ 1። ስምንት የገባበትን ቡድን ግድግዳ ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ የግብ ጠባቂው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪም ውለታ ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚያ ጥሎ ማለፍ 42 ነጥብ ሰብስቦ፣ ተሸንፎም ኮከብ የተባለው ኮነር ማክዴቪድ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አላገኘም። ሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 አለቀ።