«የአንጎል ግንድ ደም» ብሎ ዝም አይባልም

ዛሬ ረዘም ይላል። በተለይ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አየር ጤና ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። የጎረቤቴ ባለቤት ናቸው፤ የሲቲ ስካን ፊልም ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው፣ ዝናብ እንዳይነካው። «ዶክተር፣ ወደ ቤት ውሰዱት ብለውናል። እቤቱ ይሙት ማለታቸው ነው መሰለኝ» አሉኝ። ባለቤታቸውን «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ኮልፌ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ሱቅ ሊከፍቱ ሲሉ ዞረባቸው፣ አስመለሳቸው፣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ታያቸው። ግፊታቸው 220 በ120 ነበር። ሪፖርቱ ላይ «የአንጎል ግንድ ደም መፍሰስ» ይላል፣ በቃ። ይቺን መስመር ያነበበ ወጣት ሐኪም ለቤተሰቡ ተስፋ እንደሌለ ነገራቸው። እኔ ጋ ሲመጡ የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር ሰምቶ ነበር።

ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፌ አየሁት። ደሙ ፖንስ ውስጥ ነው፤ ግን በአንድ ጎን፣ በኋለኛው ክፍል ብቻ። ለካሁት፦ 1.5 በ1.2 በ1.5 ሴንቲ ሜትር። አባዝታችሁ ለ2 ስታካፍሉት 1.35 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደግሞ ሰውዬው ነቅተዋል፤ «ሱቁን ማን ዘጋው?» እያሉ ይጠይቃሉ!

ሐኪም ላልሆናችሁ፦ የአንጎል ግንድ ማለት ትልቁን አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው፣ አውራ ጣት የሚያህል ክፍል ነው። ትንፋሽ፣ ንቃት፣ የዓይን እንቅስቃሴ፣ ወደ እጅና እግር የሚወርዱት ገመዶች ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ተፋፍገው ያልፋሉ። እዚያ ደም ሲፈስ አብዛኛውን ጊዜ ፖንስ በሚባለው መካከለኛ ክፍል ነው፤ ዋናው ምክንያትም ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ የሕይወትና የሞት ልዩነት ያመጣል።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ቹንግና ፓርክ የተባሉ ኮሪያውያን ሐኪሞች በ1992 (እ.ኤ.አ.) የፖንስን ደም በሲቲ ስካን አራት ቦታ ከፍለውታል። በአንድ ጎን፣ በኋለኛው ክፍል ላይ ብቻ ያለ ትንሽ ደም ከነበራቸው መካከል 94 በመቶው ተርፈዋል። ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ የዘለቀ ከሆነ 26 በመቶ፣ የኋለኛውን ክፍል በሁለቱም ጎን ከያዘ 14 በመቶ፣ መላውን ከሞላው ግን 7 በመቶ ብቻ። 94 እና 7! በእኛ ሪፖርት ላይ ግን ሁለቱም ያው አንድ መስመር ናቸው።

«እኛ እኮ አይሲኤች ስኮር እንጠቀማለን» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ። የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች በ2001 ያወጡት ይሄ መለኪያ ግን ለመላው አንጎል የተሠራ ነው። ለደሙ መጠን ነጥብ የሚሰጠው ከ30 ሚሊ ሊትር ጀምሮ ነው። ፖንስ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ከየት ይመጣል? እዚያ 10 ሚሊ ሊትር ያለፈ ደም ግዙፍ ነው። ስለዚህ የጋሼ 1.35 እና የሌላው ሰው 12 ሚሊ ሊትር በመጠን ረገድ እኩል ዜሮ ያገኛሉ። ከቻይና በ2017 የወጣ፣ ለፖንስ ብቻ የተሠራ መለኪያ አለ፤ የንቃት ደረጃን (ጂሲኤስ) እና መጠንን ብቻ ያያል፣ መጠኑንም በ5 እና በ10 ሚሊ ሊትር ይከፍላል። እሱን ተጠቀሙ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የአንድ ወጣት ፊልም አየሁ፤ ፖንሱ ሙሉ በሙሉ ደም፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ፣ ጂሲኤስ 3። አባቱ «ዶክተር፣ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ «ፈጣሪ ያውቃል» ብዬ አለፍኩ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቬንትሌተር ያለበት የግል አይሲዩ አስገቡት፣ መኪናቸውን ሸጡ፣ ከዘመድ ተበደሩ። ልጁ በ19ኛው ቀን ሞተ። ቁጥሩን አውቀው ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ቢያውቁም ይሸጡ ይሆናል፣ ያ የእነሱ ምርጫ ነው፤ ግን አውቀው መምረጥ ነበረባቸው። ለዚህ ነው ደሙን መመደብ ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር ነው የምለው፤ የአንዱን ተስፋ ያድናል፣ የሌላውን ቤት ያድናል።

ቁጥሩን እንደ ፍርድ አንብቡት እያልኩ አይደለም። የኮሪያው ጥናት በጥቂት አሥሮች ሕሙማን ላይ የተሠራ፣ የሌላ አገር፣ የሌላ ዘመን ነው። ደግሞ በ2001 የሲያትል ሐኪሞች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጽፈዋል፦ «አይተርፍም» ብለን ሕክምናውን ስናቋርጥ ሰውዬው ይሞታል፣ ሞቱም ተመልሶ ትንበያችንን «ትክክል» ያደርገዋል። የአሜሪካ የ2022 መመሪያም ሕክምናን ስለመገደብ ለመወሰን ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ሙሉ ቀን ጠብቁ የሚለው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ግን አንዳንዴ ሁለት ሰዓትም አንጠብቅም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የፖንስ የፊት ክፍል ብቻ ሲጎዳ ሰው እጅ እግሩ ተይዞ፣ ምላሱ ተይዞ፣ ግን ሁሉን እየሰማ ሊተኛ ይችላል። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ በ1995 ስትሮክ ከመታው በኋላ የግራ ዓይኑን ቆብ ብቻ እያርገበገበ መጽሐፍ አጽፏል። ስለዚህ ልጆች፣ ካርድ ላይ «ኮማ» ከመጻፋችሁ በፊት ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላችሁ «ዓይንህን ወደ ላይ አድርግ» በሉት። ካደረገ አልጋው አጠገብ ስለ ቀብሩ የሚያወራውን ዘመድ አስወጡ።

ጋሼ ያን ማታ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ፣ ግፊታቸው ወረደ፣ በአሥረኛው ቀን ወጡ። አሁን ሱቃቸው ናቸው። ሁለት ሁለት ማየቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ ብር ሲቆጥሩ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አይሲዩ የምትሠሩ፣ የማትስማሙበት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ ለቤተሰብ ቁጥሩን እንዴት እንደምትነግሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።