«በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ»

ባለፈው ቅዳሜ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የጀበና ቡና ልጠጣ ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ ያለው የታክሲ ረዳት ከቤቲንግ ቤት የቆረጠውን ቲኬት ደጋግሞ ያያል። አሥር ጨዋታ፣ በ20 ብር። «ጋሼ፣ ይሄ ቁማር አይደለም፤ ስትራቴጂ ነው። በትንሽ ብር ብዙ ጨዋታ ማሰር!» አለኝ። እሑድ ስንገናኝ ግን «ዘጠኙ ገብቶልኝ በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ» አለ።

አልፈርድበትም። እኔም ቲኬት ስቆርጥ በነበረበት ጊዜ ስንት ቅዳሜ ይህንኑ ብያለሁ! ሒሳቡን የሠራሁት ግን ዘግይቼ ነው። እስቲ አብረን እንሥራው።

ዕድሉ ግማሽ በግማሽ የሆነ ውርርድ ትክክለኛ ዋጋው 2 ነው፤ 1 ብር ያስያዘ 2 ብር ይወስዳል። አጫዋቹ ድርጅት 1.90 ሰጠን እንበል። አሥር ሳንቲም ምን አላት? ችግሩ ጨዋታዎቹ ሲታሰሩ ዋጋቸው ይባዛል። አሥር እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ላይ ለ20 ብር ሊከፈል የሚገባው 20,480 ብር ሆኖ ሳለ፣ የሚከፈለው 12,262 ብር ግድም ነው። ጨዋታ በጨመርን ቁጥር የድርጅቱን ድርሻ እናሳድጋለን።

«ያለቀላቸውን» ጨዋታዎች ብንመርጥስ? እያንዳንዱ ከ100 70 ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ አሥሩም አንድ ላይ የመግባት ዕድላቸው ከ100 3 አይሞላም። በአንድ ጨዋታ መቃጠል እንግዲህ የዕድል ጉዳይ ሳይሆን የሚጠበቅ ነገር ነው።

ስትራቴጂ ከተባለ ፖከርን እንይ። በፖከር ውድድር ሁሉም መግቢያ ይከፍላል፣ እኩል ቺፕስ ይቀበላል፣ ያለቀበት ይወጣል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የሚደርሰውን አብዛኛውን ካርታ ሳይወራረድበት ይጥላል። ተጋጣሚውም እንደሱው የሚሳሳት ሰው ነው። የረዳታችን ተጋጣሚ ግን ዋጋውን ራሱ የሚያወጣ ድርጅት ነው።

ፖከርም ቢሆን የሚወራው ስለ አሸናፊው ብቻ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ውድድር፣ አሜሪካዊው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር ማጣሪያ ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ። ስለ 838ቱ ማን ያወራል?

ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪ ነውና አንድ ነገር ቢያስገድዱልን እላለሁ። ቲኬቱ ላይ «ሊያሸንፉ የሚችሉት ብር» ከሚለው ጎን፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ጨዋታዎቹ ሁሉ አብረው የመግባታቸው ዕድል ይታተም። ወጣቱ ብሩን ከማውጣቱ በፊት አይቶ ይወስን።

እስከዚያው ከፖከር ተጫዋቾች አንዷን ነገር ብንማር ይበቃናል፦ ካርታ መጣልን። ለረዳቱም ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀና «እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ እንተያያለን» ብሎኝ ወደ ታክሲው ሮጠ።