«ይነቀል!» ለሚሉ ወንድሞች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ባሕር ዛፍ ከየግቢው ይነቀል!» ሲል ጽፎ አስነብቦናል። ብዕሩ ስለት አለው፤ አልክድም። ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስምንታችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንዴት አይለኝ! እኔን እዚህ ያደረሰኝ ባሕር ዛፍ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ ከእናቴ ቤት ጀርባ አሥራ አንድ ባሕር ዛፎች ነበሩ። መስከረም በመጣ ቁጥር አንዱ ይቆረጥና አጣናው ተሽጦ ደብተርና ጫማ ይሆናል። ቅርንጫፉ ፍልጥ ነው፤ ቅጠሉ ከምጣድ ሥር ይገባል። ጉቶው ደግሞ አይሞትም፤ ያቆጠቁጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴ መብራት አጥታ በነበረበት ጊዜ ያበሰልነው በምን ነበር? በዚሁ «ጠላት» በተባለው ዛፍ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ አንተ የበላኸው እንጀራስ በምን የተጋገረ ይመስልሃል? በግጥም?

እውነቱን እውነት ማለት ደግ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይወዳል። ምንጭ ዳር ሲተከል ምንጩን ይሻማል፤ እርሻ ዳር ሲቆም ሰብሉ ይቀጭጫል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ወንድማችን «ምንጭ ዳር አይተከል፣ ከቤት ግድግዳ አጠገብ አይተከል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ስሜን ከስሙ በታች አኖር ነበር። እርሱ ግን «የሀገሬን ጥድና ወይራ የበላ ባዕድ» አለው። እዚህ ላይ ታሪክ ይመስክር። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ በእግሩ አልመጣም። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ደን አንድዳ ጨርሳ የእንጨት ያለህ ስትል እኛው ነን ያስመጣነው። ዓፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሣት የደረሱት እንጨት ስለ ጠፋ ነው። ከተማይቱ ባለችበት እንድትረጋ ከረዷት ነገሮች አንዱ ይኸው ቶሎ አዳጊ ዛፍ ነበር። እንግዲህ ጥዱንና ወይራውን የጨረሰው ምሳር ነው። ባሕር ዛፍ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ለቀስተኛውን «ገዳይ ነህ» ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ጠላታችን ሌላ ነው። እኛ ከዛፍ ጋር የምንገናኘው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የምንተክለው ቀንና የምንቆርጠው ቀን። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ባለቤት የለውም። «ይነቀል!» የሚለውም «ይተከል!» የሚለውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በመፈክር ጀምረው በመፈክር ይጨርሳሉ።

ሩቅ አንሂድ፤ የወሎ ተራሮች ምስክር ናቸው። ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ፣ በደርግ ዘመን፣ ገበሬው ስንዴና ዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፤ ገደላገደሉን በችግኝ አለበሰው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ውስጥ ስንትና ስንቱ በምሳር አለቀ። ለምን? ገበሬው ዛፍ ስለሚጠላ ነው? ኧረ ወዲያ! ዛፉ «የመንግሥት» ነበራ! መንግሥት ሲሄድ ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆነ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ይበል! ነገር ግን ለተከላው ቀን ተቆርጦለታል፤ ለውሃ ማጠጣቱ የተቆረጠው ቀን የትኛው ነው?

«እሱ የመንግሥት ነገር ነው፤ በግል ግቢማ ባለቤት አለ» የሚል ይኖራል። ባለቤቱንም አይተነዋል። ከደሴ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። አየሩ ይሞቃል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ ይናፍቃል፤ ጥላ እዚያ ቅንጦት አይደለም። አጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ቡና የሚጠጣበት። አጎቴ ገንዘብ ሲያገኝ ግቢውን ሲሚንቶ አለበሰው፤ እስከ ዛፉ ግንድ ድረስ። «ጭቃ ቀረልን» ብለን ደስ አለን። በሦስተኛው ዓመት የዋንዛው ጫፍ ደረቀ። በአራተኛው ግማሹ ደረቀ። አጎቴ «አርጅቷል» አለና ምሳር አስጠራ። አላረጀም! ታፍኖ ነው የሞተው። የዛፍ ሥር እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። አብዛኛው መጋቢ ሥር ያለው ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፉ ጥላም አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ በበጋ የተጠማን ትልቅ ዛፍ ግንዱን ማርጠብ ከንቱ ድካም ነው፤ ውሃው መፍሰስ ያለበት ጥላው የሚያልቅበት ዙሪያ ላይ ነው፤ በየቀኑ ጠብ ጠብ ሳይሆን አልፎ አልፎ እስኪጠግብ። ከሥሩ የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ከማቃጠል ይልቅ፣ ግንዱን ሳያስነካ፣ አፈሩን ማልበስ እርጥበቱን ያቆየዋል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። አጎቴ ግን ለሲሚንቶው ግንበኛ ጠራ፤ ለዛፉ ማንን ጠየቀ?

ወደ ደሴ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እዚያ ያየሁት ነው። በሰፈራችን አንድ ባለ ቤት፣ ወንድማችን እንዳለው፣ «ይነቀል» ብሎ ወሰነ። ባሕር ዛፉ ከጣሪያው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ የቆመ ነበር። ይቆረጥ ማለቱ አልከፋም፤ እንዲህ ያለው ዛፍ በነፋስ ቀን ቤት ይጨርሳል። የጠራው ግን የእኔን ዕድሜ የሚያህል የቀን ሠራተኛ ነው። ገመድ የለ፣ ጫማ የለ፤ መጥረቢያውን ወገቡ ላይ ሽጦ ወጣ። አንዱን ከባድ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ መታው። ቅርንጫፉ ግማሽ ሲደርስ በራሱ ክብደት ተገንጥሎ የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ወረደ፤ ልጁም አብሮት። የእጁ አጥንት ተሰበረ። ባለ ቤቱ «ሥራው አላለቀም» ብሎ ሒሳቡን ከለከለው።

ወንድሜ፣ «ይነቀል!» ስትል የሚወጣው ማን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? አንተ አይደለህም። እኔም አይደለሁም።

መጠንቀቂያው ደግሞ የሚከብድ አልነበረም። ከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በመጋዝ ይነካል፤ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ቅርፊት አይላጥም። የቀረው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ይነሣል። እርሱም ግንዱ ድረስ ተላጭቶ አይደለም፤ እንደ ቅንጭብም ተንጠልጥሎ አይቀርም። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ አለ፤ እርሱን ሳይነኩ መቁረጥ ነው፤ ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍነው በዚያ ነውና። አናቱን ቆርጦ መተው ደግሞ «ማሳጠር» አይባልም፤ ከቁስሉ ላይ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ሲያድግ በደካማ የተያያዘ ነው፤ ነገ ጣሪያ ላይ የሚወድቀው እርሱ ነው። ቤት የተጠጋ ዛፍ በገመድ እየተያዘ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ ይወርዳል። የመብራት ሽቦ ካለበት መጀመሪያ መብራት ይቋረጥ። የሚወጣው ሰው ደግሞ ባለሙያ ነው፤ የባለሙያ ዋጋ ይከፈለው! ለዚህ ገንዘብ የለኝም የሚል ቀድሞውኑ ከግድግዳው ሥር አይትከል።

ከተቆረጠም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ጉቶውን የሚፈልገው ሰው ከሚያቆጠቁጡት ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን ትቶ ሌላውን ይመልምል። የማይፈልገው ደግሞ ቡቃያው በወጣ ቁጥር ሳይሰለች ያንሣ። በባሕር ዛፉ ቦታ ወይራ ልተካ ካለ እሰየው፤ ወይራና ጥድ ምን እንደሚመስሉ ማየት የፈለገ ከኮምቦልቻ በላይ ወደ የጎፍ ደን ይውጣ። ወይራው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እስኪደርስ ድረስ እናቴ በምን ትጋግር? መልስ የሌለው «ይነቀል» ጭካኔ ነው።

አሁን ራሴንም ልክሰስ፤ ካልሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። አምና ሐምሌ ከእናንተው ጋር ሦስት ችግኝ ተክያለሁ። ፎቶም ተነሥቻለሁ። ጥር ላይ በዚያ ሳልፍ ሦስት ደረቅ እንጨት ቆሟል። አንዱን ነቅዬ ባየው ፕላስቲኩ ከነአፈሩ አለ፤ ሳልቀድድ ነው የተከልኩት። በሳምንት ግማሽ ጀሪካን ውሃ የሚወስድለት ሰው ጠፍቶ ሁለቱ ደረቁ፤ ሦስተኛው ገና ከጅምሩ ታንቆ ሞተ። ግጥማችን ውስጥ ግን ዋርካው እንደ ለመለመ ነው!

ቋንቋችን ከእኛ ይበልጣል። ችግኝ ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ያንኑ ቃል ለነፍስ እንጠቀምበታለን። ማንም በተተከለበት ቀን ጸደቀ አይባልም፤ በጋውን ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ወንድሜ፣ ምሳርህን አስቀምጥ፤ እኔም ጭብጨባዬን መልሻለሁ። በመጪው ጥር፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ጀሪካን ይዘን እንገናኝ። ክርክሩን እዚያው እንጨርሰዋለን።